ሰው የማይነሣበት ጉድባ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን በዚህ ዕድሜዬ ስናገር ልጆቼ ይስቃሉ፤ በጣሊያን ጊዜ የነበረ ሰው እንዴት ፈሪ ይሆናል ይሉኛል። በዚያ ጊዜ የነበረ ሁሉ ጀግና ይመስላቸዋል። አገሩ ሁሉ ጀግና ቢሆንማ ኖሮ ጣሊያን አምስት ዓመት ምን ሲያደርግ ከረመ? ዱር የገባ ነበር፤ ዱር ገብቶ የተመለሰም ነበር፤ እንደ እኔ ደግሞ ዶማውን ተሸክሞ ቆፍር የተባለውን የሚቆፍር ነበር። እኔ በፍርሃት ቆፈርሁ፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ በፍርሃቴም ተሾምሁ። እስከ ዛሬ ለልጆቼ ያልነገርኋቸው ግን ሹመቱን አይደለም፤ ሹመቱ ያመጣብኝን ነው።

ቤታችን ከደጀን የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ወደ ሉማሜ ሲሉ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጭቃ ሹሙ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ለዓባይ በረሃ መንገድ ይወጣል፣ እንቢ ያለ ቤቱ ይቃጠላል አለ። ሊያስፈራራን ብቻ አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ ሦስት ቤት ሲጤስ አይተናል። ዱር ያሉት ደግሞ ለጣሊያን መንገድ የሚጠርግ ሁሉ ባንዳ ነው፣ አንምረውም ብለው ልከውብናል። ብንሄድ እነዚያ አሉ፣ ብንቀር እነዚህ አሉ። ያን ሰሞን ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥቼ በሩን በግንድ እደግፍ ነበር።

ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። አባቷ ወንድ ልጅ የላቸውም፤ እናቷም ከሞቱ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ከዚያ ቤት የሚወጣው ወንድ ራሳቸው ሆኑ። ስድሳን የተሻገሩ ሰው! እኔ ለሁለቱም ቤት ልቆፍር ብዬ ሽማግሌ ብልክ፣ ጭቃ ሹሙ አንድ ራስ ለሁለት ቤት አይሆንም ብሎ መለሰልኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ንጉሡም በአገሩ የሉም፣ ለማን አቤት ይባላል? ስንቃችን ተቋጥሮልን ሁለታችንም ወጣን። ሚስቴ እስከ ወንዙ ሸኘችንና፣ አባቷ ፈንጠር እስኪሉ ጠብቃ እጄን ያዘችኝ።

«አባቴን አደራ» አለችኝ። «ቅር ቢልህም ልንገርህ፣ ባል ይገኛል፤ አባት ግን አንድ ነው።»

አልተቀየምኋትም፤ እውነቷን ነው። አደራውንም ተቀበልሁ። ምን እንደተቀበልሁ ግን አላወቅሁም ነበር።

አማቴን ላሳውቃችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚሄዱ ሰው ነበሩ፤ ክብራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ። ሰው ወዳለበት ሲገቡ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ካላለ፣ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ካላስቀመጡት፣ ከደጃፉ አንድ እርምጃ አያልፉም። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርተው ሄደው፣ ጭፈራው ደርቶ ሰው ሳያያቸው ቀረ። በሩ ላይ ቆሙ፣ ቆሙ፤ በመጨረሻ ሳይቀምሱ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባለ ሠርጉ ይቅርታ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከባቸው። እኔ ደግሞ የኚህ ሰው አማች ነኝ። በዚያ ጊዜ በእኛ አገር አማች የሚስቱን አባት ትክ ብሎ አያይም፤ በፊታቸው አይበላም፤ ካልጠየቁት አይናገርም፤ ቁም ነገር ከመጣም በሰው ያስነግራል። ካገባሁ ወዲህ ያየሁት እግራቸውን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከደጀን አፋፍ ወደ ዓባይ ሲወርዱ የደጋው ነፋስ ከኋላ ይቀራል፤ ከታች ሙቀቱ ይጠብቃል። ሥራችን ገደሉን ጠርቦ መንገድ ማውጣት ነው። አለቱ ዶማ የሚገባው አልነበረም። በብረትና በመዶሻ ይበሳል፣ በቀዳዳው ድማሚት ይጎሰጎሳል፣ ክሩ ይለኮሳል፤ እኛ ወር የምንለፋበትን አለት በአንድ ጩኸት ይንደዋል። መጀመሪያ ቀን ስሰማው ምጽአት የደረሰ መስሎኝ እናቴን ጠራሁ። አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ በሳቅ ሞተ። ያ ጎረምሳ ዘፋኝ ነበር፤ ድንጋይ ስንሸከም እየዘፈነ ያሠራናል፣ ስናርፍ የየሰዉን አነጋገር እየቀዳ በሳቅ ያንከተክተናል። የእኔን «እናቴን!» ብቻ ሳምንት ሙሉ ቀልዶበታል።

የድማሚቱ ሹም አንድ ጣሊያን ነው። በየማለዳው ሥራ ሳይጀመር አሰልፎ ያስተምረናል። ክፉ ነው እንዳልል የባሱትን አይቻለሁ፤ ደግ ነው እንዳልል ዱላ ነበረው። በግራ እጁ ሁለት ጣት የለም። ትምህርቱን የሚጀምረው ያንን እጅ ከፍ አድርጎ በየፊታችን በማዞር ነው፤ ከዚያ አስተርጓሚው፣ ለጣሊያን ያደረ አስካሪ ወታደር፣ ቃሉን ይመልስልናል። ድማሚት ባለበት እሳት አይለኮስም። ያልፈነዳ ቀዳዳ በብረት አይነካም። ክር የተለኮሰበት ቀዳዳ ስንት እንደሆነ ሁሉም ይወቅ፣ ሲጮህም በጆሮው ይቁጠር፤ ሰባት ተለኩሶ ስድስት ከጮኸ አንዱ ሰው እየጠበቀ ነው። ለመቁጠር ደግሞ ዝምታ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ጉድባ ውስጥ ወሬ የለም። ጡሩምባ ሦስት ጊዜ ይነፋል። በመጀመሪያው በእጅ ያለውን ጥሎ ወደ ጉድባ፤ በሁለተኛው በሆድ መተኛት፤ ሦስተኛው እስኪነፋ ራስን ቀና አለማድረግ።

ጉድባው ገደሉ ጥግ የቆፈርነው ቦይ ነው፣ ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ፊቱን በድንጋይ ካብ ከልለነዋል። የተኛ ሰው ይተርፋል። የቆመ ሰው ግን ከወገቡ በላይ ለሚበረው ድንጋይ ይሰጣል። ጣሊያኑ «ጁ! ጁ!» እያለ መሬቱን በዱላው ይመታዋል፤ በቋንቋቸው ወደ ታች ማለት ነው። ደንቆሮዎች አይደለንም፤ በሳምንት ውስጥ ሁሉንም እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላችን ያዝነው። ጣሊያኑ የማያውቀው፣ እኛም ይነገራል ብለን ያላሰብነው ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር።

አብረውን አንድ ቄስ ነበሩ። ሕዝቤ ያለ ንስሐ አባት በረሃ አይቀርም ብለው በፈቃዳቸው የወረዱ ናቸው፤ መስቀላቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እንደ እኛ ድንጋይ ይሸከማሉ። አንድ ቀን ሁለተኛው ጡሩምባ ተነፍቶ ሁላችንም ተኝተናል። ቄሱ ወደ ኋላ ቀርተው ኖሮ አሁን ወደ ጉድባው ሲገቡ ሰዉ አያቸው። ማንም አላሰበም። የሚያስብበትም ነገር አልነበረም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ የለመደው ነው። ሃያ ያህል ሰው እንደ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ኖር» አለ። ቄሱ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ ጎንበስ ሲሉ አለቱ ጮኸ።

ዘፋኙ ጎረምሳ የወደቀው እኔ ላይ ነው። ድንጋዩ ጭንቅላቱን ነበር ያገኘው። ሁለት ሰዎች ደግሞ ቆሰሉ፣ አንዱ ክንዱ ተሰበረ። ሦስተኛው ጡሩምባ እስኪነፋ ጎረምሳው በላዬ ላይ እንደተጋደመ ቆየ፤ ደሙ አንገቴ ላይ ሲፈስ ትኩስ ነበር። ዛሬም ሻወር ስገባ ሙቅ ውሃ አንገቴ ላይ እንዲወርድ አልፈቅድም።

እኔ አልተነሣሁም ነበር። ትእዛዝ አክብሬ እንዳይመስላችሁ። ልነሣ ፈልጌ ጉልበቴ ቄጤማ ሆነብኝ፤ ከመሬቱ መላቀቅ አቃተኝ። ጣሊያኑ እየሮጠ መጣና ሬሳውን አየ፣ የቆሰሉትን አየ፣ በቋንቋው ጮኸ፣ ቆቡን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ ማን እንደተኛ አስጠየቀ። ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በትከሻዬ ይዞ አቆመኝና፣ ትምህርቴ የገባው ይህ ሰው ብቻ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የጉድባው ካቦ እሱ ነው፣ ሌላውን እሱ ያስተምር ብሎ አስነገረ። ሬሳው ገና አልተነሣም። ጓደኞቼ በማግሥቱ ስም አወጡልኝ፤ ካቦ ቄጤማ።

አማቴ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር አልነበሩም። ዕድሜያቸው ታይቶ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ከላይ በኩል የውሃ በቅሎዎች ጠባቂ ተደርገዋል፤ የሚሸሸጉትም በሌላ ዋሻ ነው። ሬሳውን ተሸክመን በነሱ በኩል ስናልፍ ነገሩን ጠየቁ፤ ሰዎቹም እንደሆነው ነገሯቸው።

«ለካህን ተነሥቶ የተመታ ዋጋው በሰማይ ነው» አሉ። «ተኝቶ የተረፈውስ ምን ይባላል?»

ለእኔ ይበሉት ለሌላ ሰው አላወቅሁም፤ ፊታቸውን አላይ ነገር። እግራቸው ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

ቄሱ ከቀብሩ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀምስ አሉ፤ በእኔ ምክንያት ነው የሞተው ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን እኔ ሰዉን ሰብስቤ በምን አፌ እንደማስተምር ጠፍቶኝ ስንተባተብ መጡና፣ ሁላችሁም ጉድባው ውስጥ ተኙ አሉ። እኔ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ የሚነሣ ሰው ካለ ገዝቼዋለሁ አሉ። እንዲህ ያለ ግዝት ሰምተን አናውቅም። ለቄስ መነሣት በግዝት ሲከለከል! ሰዉ ተኛ። ቄሱ ገቡ፤ ግማሹ ሰው ተነሣ። በመስቀላቸው ትከሻ ትከሻውን እየነኩ አስተኙት። ወጡ፣ እንደገና ገቡ። እኔ ከዳር ቆሜ ጀርባ ጀርባውን አያለሁ፤ ተኝቶም ሰውነቱ ሊነሣ ሊነሣ ይላል፣ ክርኑ መሬቱን ይጫነዋል። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ሲመላለሱ ነው የተኛ እንደተኛ የቀረው። ያን ጊዜ ቄሱ ከጉድባው ጫፍ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱ ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ የእኔ ሆነ። በየማለዳው አስተኛቸዋለሁ። አንዳንዴ ጋቢ ተከናንቤ፣ ዘንግ ይዤ፣ እንደ ሽማግሌ እየሳልሁ እገባለሁ፤ ካቦ ቄጤማ ባላባት ሆነ እያሉ በሳቅ መሬቱን ይነክሳሉ፣ ግን አይነሡም። ካህን ቢመጣ አንነሣም፣ አባት ቢመጣ አንነሣም፣ ማንም ቢመጣ አንናገርም እያልሁ አስደግማቸዋለሁ። ጣሊያኑ ቆሞ ያየኛል። ሰው ቆሞ ከመሞት ይልቅ ተኝቶ እንዲድን ይህን ያህል መለማመድ ለምን እንዳስፈለገው አስተርጓሚው ቢያስረዳው፣ ቢያስረዳው አልገባውም።

በቅሎ ጠባቂዎቹንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ሦስቱን። አማቴን አልነገርሁም። በምን ቃል ይነገራል? አባቴ፣ ከእንግዲህ ቢመጡ አንነሣልዎትም ይባላል? ያውም ከአማች አፍ! ደግሞም የሚሸሸጉት በሌላ ዋሻ ነው፣ ወደ እኛ ጉድባ ምን ያመጣቸዋል እያልሁ ራሴን አታለልሁ።

ለገና ሁለት ቀን ተፈቀደልን። አማቴ በቅሎዎቹን ማን ያያል ብለው ቀሩ፤ እኔ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ለሚስቴ ሁሉን አጫወትኋት። የጎረምሳውን አሟሟት፣ ሰዉ እንዴት እንደተነሣ፣ እኔ እንዴት እንደተረፍሁ፣ ሹመቱንም የወጣልኝንም ስም። በስሙ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። አባቴ ይህን ነገር ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኋት።

«አትነግረውም» አለች። «አውቅሃለሁ። ከድንጋዩ ይልቅ እሱን ትፈራለህ። ፍራው፣ ግን ንገረው።»

ስመለስ ቄሱን ለመንኋቸው፤ እርስዎ የንስሐ አባታቸው ነዎት፣ እርስዎ ይንገሩልኝ ብዬ። አማችነት ከነፍስ አይበልጥም፣ አንተው ብትነግራቸው ይሻል ነበር አሉና፣ ካፈርህ ግን እሑድ እኔ እነግራቸዋለሁ ብለው ቃል ገቡልኝ። እሑድ ሳይደርስ ንዳድ ጣላቸው፤ እያቃዡ በቅሎ ላይ ታስረው ወደ ደጀን ወጡ። እንግዲህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወደ በቅሎዎቹ ሄድሁ። አማቴ ምነው አሉኝ። ደህና ዋሉ ልል ነው አልሁ። ደህና ነኝ አሉ። ተመለስሁ። በማግሥቱም ሄድሁ፤ ምነው አሉኝ፤ ውሃ ልጠጣ አልሁና ጠጥቼ ተመለስሁ። በሦስተኛው ቀን አፌን ከፍቼ «ጉድባው…» አልሁ። ጉድባው ምን ሆነ አሉኝ። ጥልቅ አይደለም አልኋቸው። አስቆፍረው እንግዲህ፣ ካቦ አይደለህ እንዴ አሉ። እንግዲህ እናንተም ሳቁብኝ። ነገ እላለሁ ብዬ ወረድሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ቁፋሮው ወደ ላይ ዞረ። አንድ ጠዋት አስተርጓሚው ተሰልፈን ሳለ፣ ዛሬ የሚፈነዳው ከዋሻው አናት ስለሆነ በቅሎ ጠባቂዎቹ ወደ ታችኛው ጉድባ ይገባሉ አለ። አሁን ሮጬ ልንገራቸው አልሁ፤ ሥራ ጥሎ የሄደ ይገረፋል። እኩለ ቀን ውሃ ሲያመጡ እነግራቸዋለሁ አልሁ። እኩለ ቀን ሆነ፣ ውሃውን አመጡ፤ ዙሪያቸውን አሥር ሰው ከበባቸው። ሰው ፊት እንዴት ይነገራል? ሰዉ ጠጥቶ ዞር እስኪል ጠበቅሁ። ዞር ሲል አስካሪው ጠራኝና ቀዳዳዎቹን አሳየኝ፤ ሰባት ናቸው፣ ለሰዎችህ ንገር አለኝ። ነገርሁ። የመጀመሪያው ጡሩምባ ተነፋ።

ሦስቱ በቅሎ ጠባቂዎች እየሮጡ መጥተው ገቡ። አማቴ አልሮጡም። ሽማግሌ በሰው ፊት አይሮጥም፤ ደግሞም አንዲት በቅሎ ደንብራ እሷን ያስራሉ። እኔ ካቦ በመሆኔ የምተኛው ከጉድባው መግቢያ አጠገብ ነው። ሁለተኛው ጡሩምባ ተነፋ። ተኛን። ዘንጋቸው ድንጋዩን ሲነካ እሰማለሁ፣ ቀስ፣ ቀስ፤ ከዚያ ቆመ። አንድ ዓይኔን ገለጥ ባደርግ ሁለት እግር ከፊቴ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ አየሁ። ያን እግር በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ሰው የለም።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ።

ሃያ ሰው ተኝቷል፣ አንድ ጀርባ አልተንቀሳቀሰም፣ አንድ አፍ አልተከፈተም። ያስተማርሁት ትምህርት ሁሉ በቦታው ነበረ። እሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ካቡ ከጉልበታቸው አይበልጥም። እጄን ብዘረጋ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዤ ልጥላቸው እችል ነበር፤ አማቱን የሚነካ አማች ማን አይቷል? መናገርም እችል ነበር። ይህን ሁሉ ግን የማስበው አሁን ነው። ያን ጊዜ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳልሞት።

«ሰው የለም እንዴ?» አሉ።

የመጀመሪያው ጮኸ። እግሮቹ ከፊቴ ጠፉ። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ቆጠርሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፊቴን መሬት ላይ ደፍቼ እስከ ሰባት ቆጠርሁ፤ ሦስተኛው ጡሩምባ ሲነፋ ነው ቀና ያልሁት።

ደረታቸውን ነበር የመታቸው። በጀርባቸው ወድቀዋል፣ ዘንጋቸው አልተሰበረም፤ ይተነፍሳሉ። ጣሊያኑ ወርዶ ሰዎቹ ሁሉ እንደተኙ አየና እኔን ጎበዝ አለኝ። አስተርጓሚው ይህን ሊተረጉምልኝ አልፈለገም ነበር፤ ቃሉን ግን አውቀዋለሁ። በሁለት እንጨትና በጋቢያቸው ቃሬዛ ሠርተን ወደ ደጀን ሽቅብ ያዝን። እኔ በራስጌ በኩል ነበርሁ። ፊታቸውን ትክ ብዬ ያየሁት በዚያ ዳገት ነው፤ ቅንድባቸው ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረ፣ አላውቅም ነበር። ዳገቱን ካጋመስን በኋላ ዓይናቸውን ገለጡና እኔን አዩ።

«ተኝታችሁም ቢሆን ኖር ብትሉኝ ምን ነበረ?» አሉ።

እውነትም ምን ነበረ? ድማሚቱ ገና አልጮኸም፣ የሚቆጠር ነገር አልተጀመረም። አንድ ቃል ነው። በእግዜር ብለው ጎንበስ ይሉና ይገቡ ነበር። እኔ ሰው እንዳይነሣ ሳስተምር፣ ቄሱም ሲገዝቱ፣ ጣሊያኑም ሲጮህ፣ እግር ዝም ብሎ አፍ ብቻ ሊያከብር እንደሚችል አንዳችንም አላሰብንም። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተኝቶ፣ ፊቱን አፈር ላይ እንደደፋ «ኖር» ማለት ለመደ አሉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አማቴ የደጀንን አፋፍ ሳንወጣ ዐረፉ።

አገራቸው ወስደን ከአባቶቻቸው አጠገብ ቀበርናቸው። ሚስቴ ስታለቅስ ልጁ እንዳይወርድ ሴቶቹ በግራና በቀኝ ይዘዋት ነበር። እኔን አላየችኝም፤ እኔም አልቀረብኋትም። በመንገድ ላይ ሳስበው የመጣሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ከኔ ጋር ቃሬዛውን የተሸከሙትንም እንዲህ በሉ ብዬ ለምኛቸው ነበር።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ፣ ጠዋት ውሃ አሙቃ እግሬን ልታጥበኝ ተቀመጠች። ዳገቱ እግሬን ቆራርጦት ነበር። ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ማለት ያስቸግራታል፤ ተይው ብላት እንቢ አለች። ጥቂት አጥባኝ፣ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ያዘጋጀሁትን ተናገርሁ። አባትሽ ሲገቡ ሁላችንም ብድግ ብለን ኖር አልናቸው፣ እሳቸውም በእግዜር ብለው ሳይጨርሱ ነው ድንጋዩ የመጣው፣ በክብራቸው ነው የሞቱት አልኋት።

እጇ እግሬ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ተነሥታችሁ ቢሆን ኖሮ አንተ ዛሬ እዚህ አትቀመጥም ነበር» አለች።

ከዚያ ያንን እግሬን አድርቃ ሌላውን ታጥብ ጀመር።